«ደህና ነኝ በለው»

ሰኔ 9 ቀን 1951
ዝናብ። ፈተና ሳርም ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ እማማ ወለተማርያም ጠሩኝ። የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ እኔ የጓሮውን ክፍል ነው የተከራየሁት። «ለይገዙ ጻፍልኝ» አሉ። አንድያ ልጃቸው፣ ደሴ መንገድ ሥራ ላይ ነው።
«እኔ ደህና ነኝ በለው።»
«ጉልበትዎስ?»
«ተው እባክህ! በሰው አገር ላለ ልጅ ሕመም አይጻፍም።»
ጻፍኩ። ፊደል አልቆጠሩም፣ ፖስታውን ግን ራሳቸው ካላሸጉት አይሆንላቸውም።

ሰኔ 17
ደብዳቤ መጣ። እንደ ወትሮው በእኔ ስም። ጽሕፈቱ ግን የይገዙ አይደለም… ዳዲ የሚባል የሥራ ጓደኛው ነው። ሰኔ 11 ቀን ናዳ ተጫነው ይላል። እዚያው ቀበርነው ይላል። እናቱን ቀስ አድርገህ አርዳልን ይላል።
ቀስ አድርጎ እንዴት ነው?
ስገባ ደጅ ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። «ከልጄ የመጣ የለም?»
«የለም» አልኩ።

ሰኔ 18
ለኦቦ ሙለታ ብቻ ነገርኩ። የዕድራችን ዳኛ ናቸው። «ኦብሲ» አሉ በኦሮምኛ፣ «ታገስ፣ ልጄ።» «ብቻቸውን ሰምተው ክው ብለው ቢቀሩስ? ወንድማቸው ወሰኑ ከሸነን ይምጣ። ያኔ ጧት ተሰብስበን እናረዳለን።» ምክንያቱን ሳይነግሩ ሰው ላኩ።
ደግ ምክር ነው። ለማን ደግ? እውነቱን ልጻፍ፣ እፎይ ብያለሁ።

ሐምሌ 1
ጋሽ ወሰኑ አልመጡም። ወንዙ ሞልቷል አሉ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እናቴ ጊንጪ ትጠብቀኛለች። እንዴት ትቻቸው ልሂድ?

ሐምሌ 6
ምን አደረግኩ!
«ልጄ ምን ሆኖ ነው ዝም ያለኝ?» ብለው አለቀሱ። እንባቸውን ማየት አልቻልኩም። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ወረቀት አወጣሁ። የዳዲን ደብዳቤ። እሱን ዘርግቼ አነበብኩላቸው… «ውድ እናቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።»
ወረቀቱን ተቀብለው ሳሙት። ሁለት ጊዜ።

ሐምሌ 12፣ እሑድ
ቄሱ ስለ አንደበት አስተማሩ። ስለ ሐሜት፣ ስለ ስድብ። እኔ አላማሁም፣ አልተሳደብኩም። ያልኩት «ደህና ነው» ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ?
አርባው ሐምሌ 20 ነው። ቆጥሬዋለሁ። ሳይደርስ እነግራቸዋለሁ። ወሰኑ መጡም አልመጡም።

ሐምሌ 18
ልነግራቸው ገባሁ። አዲስ ጥላ አልጋ ላይ ዘርግተዋል፣ ዘርፉ የሚያብለጨልጭ። «የገብርኤል ስለቴ ነው። የይገዙን ደህንነት አሰማኝ ብዬው አሰማኛ! ነገ አብረን እንወስዳለን።»
«ያምራል» አልኩ።
እንዲህ ብዬ ወጣሁ። ፈሪ!

ሐምሌ 19
ስለታቸውን አገቡ። በዚያ ጭቃ ያን ጉልበት እየጎተቱ። «ልጄን በጤና ስለጠበቅህልኝ» ሲሉ አጠገባቸው ነበርኩ። ሰው እልል አለ። እኔም አጨበጨብኩ።

ሐምሌ 20
አርባ ቀኑ። ያወቅነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። ሁለታችንም ቤታችን ዋልን።

ሐምሌ 24
ጋሽ ወሰኑ ትናንት ደረሱ። ዛሬ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት ሆነን ደጃቸው ቆምን። በሩን ከፍተው አንድ በአንድ አዩን። ማንም ሳይናገር «ልጄን!» ብለው ወደቁ።
ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ድምፃቸው ተዘግቷል።
«መቼ ነው?»
«ሰኔ 11።»
በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።
«አርባው አልፏል። ያለ ፍትሐት… እኔ እናቱ፣ ለሞተ ልጅ ጤና ስለምን ከረምኩ።»
ወደ እኔ ዞሩ።
«ያነበብክልኝ ደብዳቤስ?»
«የመርዶው ነው።»
«የሳምኩት?»
«አዎ።»
«ጥላውን ስሰጥ አጠገቤ ቆመህ ነበር» አሉ። ስድብ ቢሆን በተሻለኝ። ኦቦ ሙለታ «እኔ ነኝ ታገስ ያልኩት» ቢሉም አልሰሟቸውም። እኔን ነው የሚያዩት።

ነሐሴ 2
ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ስግደት ሰጡኝ። ስግደቱ ቀላል ነው። ጧት ጧት በደጃቸው ማለፉ ነው የከበደኝ።

ነሐሴ 20
ፍትሐቱ ዘግይቶም ቢሆን ተደረገ። ከኋላ ቆምኩ። «ይገዙ» ሲባል አለቀስኩ። ወንድሜ አይደለም፣ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም… ግን እኮ በእሱ አፍ ተናግሬያለሁ።

መስከረም 6 ቀን 1952
ትምህርት ቤት ተከፈተ። መምህራን ባልደረቦቼ «እንዴት ከረምክ?» ሲሉኝ የሁልጊዜዋን «ደህና» አላልኩም። «ክፉ ክረምት ነበር» አልኩ። ደነገጡ።
ስመለስ እማማ ጠሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ወንበር አሳዩኝ።
«ለዚያ ለዳዲ ጻፍልኝ። ልጄን አፈር ስላለበስክልኝ እግዜር ይስጥህ በለው።»
ጻፍኩ። ቀጥሎ፣ ከልማድ፣ እጄ «እኔ ደህና…» ብሎ ጀመረ። ቆምኩ።
«ምን ልበል?»
«ደህና አይደለሁም በል። ልጄ ሞቶብኛል። ጉልበቴንም ያመኛል።»
እንዳሉት ጻፍኩ። ሙጫውን አቀረብኩላቸው፣ አላሸጉትም። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና ምርኩዛቸውን አነሱ።
«ወዴት ነው እማማ?»
«ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ፣ ዘነበወርቅ ጋ። ታንብብልኝ።»
በመስኮት አየኋቸው። በዚያ ጭቃ፣ ያን ጉልበት እየጎተቱ፣ የጻፍኩትን ሊያስነብቡ ሄዱ።