መኪናዋ «ታጠፍ» ስትልህ

ቡሬ፣ ነሐሴ ማብቂያ

ውድ ወንድሜ ናሁሰናይ፣

ወደ ሰላምታው በኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህና ጮክ ብለህ ድገምልኝ፤ ጅጋን አልፈህ ባሕር ዛፎቹ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ አትታጠፍም። ድገም። የአንደኛ ክፍል ልጆቼን ሦስት ጊዜ ነው የማስደግማቸው። አንተ ግን ከልጅነትህም አንድ ጊዜ ሰምተህ «ገባኝ» የምትል ስለሆንክ፣ አጠገቤ ብትሆን አሥር ጊዜ አስደግምህ ነበር። አስፋልቱን ሳትለቅ ፍኖተ ሰላም ትገባለህ፤ ከዚያ በረጅሙ መንገድ ዞረህ አባባ ዘንድ ትደርሳለህ። ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ለምን እንደሆነ የምነግርህ ነው፤ ምክንያቱን ሳይነግሩህ እንደማትሰማ ስለማውቅ።

ይህን ደብዳቤ የማደርስልህ ወደናንተ ከተማ በሚመላለሰው አውቶቡስ ሾፌር በክንዱ ነው። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ የቡሬ ሰው ወሬ ሁሉ በክንዱ ኪስ ነው የሚሄደው። መሥሪያ ቤትህ በር ድረስ ሄጄ እሰጠዋለሁ ብሎኛል። ክንዱን ታውቀዋለህ፤ ቃሉን አያጥፍም፣ ይረሳል እንጂ። ሌሊት ስነቃ ደብዳቤዬ ከአውቶቡሱ ወንበር ሥር ወድቆ ይታየኛል።

መስመሩ ሊቋረጥ ሁለት ቀን ሲቀረው የደወልክልኝን ጥሪ ደጋግሜ አስታውሳለሁ። «እታለም፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ያምሮትን ይዤ አባባ ዘንድ እገባለሁ። እንዳትነግሪያቸው፤ እጮኛዬን በር ላይ ነው የሚያዩዋት» አልከኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ማልኩልህ። ስለዚህ መምጣትህን ከናንተ በቀር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይህ ምስጢር ያን ዕለት እንዴት እንዳስደሰተኝ፣ አሁን ደግሞ እንዴት እንደከበደኝ ልነግርህ አልችልም።

ፋሲካ ላይ ከባለቤቴ ከስመኘው ጋር የተከራከራችሁትን አልረሳሁትም። ምሳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አንዳችሁም አልተሸነፋችሁም። አንተ የመኪናህን ስክሪን እያሳየህ፣ «ይሄ ከመኪናው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ባትሪ አይጨርስ፣ ዳታ ሙሉልኝ አይል፣ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ጉዳዩ አይደለም» አልክ። ስመኘው ደግሞ መስታወቱ ላይ የለጠፋትን ስልኩን እየነካካ፣ «ያንተ ካርታ ከፋብሪካ የወጣ ዕለት ነው የደረቀው። የኔ በየቀኑ አዲስ ወሬ ይሰማል» አለህ። አባባ ሁለታችሁንም ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «አገራችሁን ለመግባት ሰው ቀጥራችሁ ነው የምትመጡት ማለት ነው?» ብለው ሳቁባችሁ።

በማግስቱ ጅጋ ውለን ስንመለስ፣ ከዚያ እስከ አባባ ቤት፣ እስከ ግራር ጊዮርጊስ፣ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ተወራረዳችሁ። እኔ ስመኘው ጎን ተቀምጬ ነበር። ስልኩ በፍኖተ ሰላም አዙሮ ላከን። ከስክሪንህ የምትናገረዋ ሴትዮ ግን በዚያ ባማረ እንግሊዝኛዋ «ወደ ግራ ታጠፍ» ብላ በአቋራጩ፣ በጥቁር ውኃ ድልድይ አሻገረችህ። ስንደርስ ዋንዛው ሥር እግርህን ዘርግተህ ጠበቅኸን። ስመኘው እስከ ዛሬ ያኮርፋል። እኔም ያን ዕለት ላንተ ነበር ያጨበጨብኩት። አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ያ ማሸነፍህ ነው። ተሸንፈህ ቢሆን ኖሮ በዚያ መንገድ አትመጣም ነበር።

ናሁ፣ ድልድዩ የለም። ውኃ ወስዶታል።

እንዴት እንዳወቅን ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት ከስመኘው ጋር ጅጋ ገበያ ውለን ለአባባ መድኃኒታቸውን ልናደርስ ተነሣን። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም፤ ሰማዩ ያለሰዓቱ ጠቁሯል። ስመኘው ስልኩን አበራው። ካርታው ነጭ ሆኖ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቻ መሀሉ ላይ ቀርታለች፤ መንገድ የለ፣ ከተማ የለ። «ተዪው፣ የናሁን መንገድ ራሴ አውቀዋለሁ» አለና ባሕር ዛፎቹ ጋ ወደ ግራ ታጠፈ።

መንገዱ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሽቅብ እንደሚወጣ ታስታውሳለህ። የመኪናው አፍንጫ ወደ ላይ ስለሚቀና ጫፉ ላይ እስክትወጣ ድረስ ከፊትህ ያለውን አታይም። ስመኘው ጭቃው እንዳይዘው ብሎ ነዳጅ ረገጠ። ያኔ ነው መንገዱ መሀል ሰው ቆሞ ያየሁት። ጮኽኩ። ፍሬን ሲይዝ ፒክአፑ ተንሸራቶ ተንሸራቶ፣ ክንድ የማይሞላ ቦታ ሲቀረው ቆመ። የቆሙት አንዲት መነኩሴ ናቸው። ላስቲክ ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው አግድመው ይዘዋል። መኪና ሲመጣባቸው ፈቀቅ እንኳ አላሉም።

«ወዴት ልትኸዱ ነው፣ ልጆቼ?» አሉን።

«ግራር ጊዮርጊስ፣ አባቴ ዘንድ፣ እማሆይ» አልኳቸው።

«በዚህ አይኸድም። ውረዱና እዩት፤ ሳታዩ አታምኑኝም።»

እጄን ይዘው ወደ ጫፉ ወሰዱኝ። ከቆሙበት አሥር እርምጃ አይሞላም። መንገዱ እንጀራ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ያልቃል። ሁለት ብረት ተንጠልጥሏል፤ ከዚያ በታች ድፍርሱ ውኃ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ከማዶ የመንገዱ ሌላኛው ጫፍ ይታያል፤ ምንም ያልተፈጠረ ይመስል ወደ አባባ አገር ይቀጥላል። ስመኘውን ስትስቅበትም ስትቆጣውም ሲስቅ ነው የምታውቀው። እዚያ ጭቃ ላይ ቁጭ አለ። መድኃኒቱን ኋላ በፍኖተ ሰላም ዞረን ነው ያደረስነው።

እማሆይ ወለተ ሐና ይባላሉ፤ ጎጆአቸው ከወንዙ አፋፍ ላይ ነው። «በሞተር ሁለት ሆነው መጡ» አሉኝ። «አንዱን በገመድ አወጣነው። ሁለተኛውን በማግስቱ ታች ነው ያገኘነው። ከዚያ ወዲህ እቆማለሁ።»

«መንገዱን በሆነ ነገር መዝጋት አይቻልም ነበር?» አልኳቸው።

«ግንድ ብናጋድም ለማገዶ ወሰዱት። ድንጋይ ብንከምር ለአጥር ወሰዱት። ሰው ቢቆምበትስ ማን ይወስደዋል ብዬ ነው።»

«ሲመሽስ?»

«ሲመሽማ ዓይኔ አያይልኝም፤ እገባለሁ። ለዮሐንስ ዋዜማ ደግሞ ሁላችንም ደብሩ ላይ ነን፤ እስኪነጋ የሚወጣ የለም።»

አንተ የምትደርሰው በዚያ ዕለት፣ ሲመሻሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ፈርቻለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ፊደል እየዘለልኩ ልጆቹ ያርሙኛል። ለቀበሌው ተናግረናል፣ ምልክት ይተከላል ብለውናል። ጉልቱ ላይ ያገኘሁትን ገበሬ ሁሉ እየያዝኩ፣ «ነጭ መኪና ካያችሁ አስቁሙልኝ» እላለሁ። እሺ ይሉኛል። እሺታቸው ግን እንቅልፍ አይሆነኝም።

ስለ ካርታችሁ ብዙ አሰብኩ፤ እንደማላውቅበት አትቁጠረው። ስልክ ኔትወርክ ሲያጣ ቢያንስ አላውቅም ይላል። ነጩን ገጽ ያሳይሃል፤ አንተም ወርደህ ሰው ትጠይቃለህ። ያንተዋ ግን ኔትወርክ አትፈልግም፤ ያመሰገንካትም በዚህ ነበር። አገሩ ሁሉ ስልኩ ዝም ባለበት ቀን እሷ ብቻ ትናገራለች። የተሠራች ዕለት የነበረውን ድልድይ ዛሬም እንዳለ አድርጋ ትነግርሃለች። ድምጿ አይንቀጠቀጥም። የኔ ይንቀጠቀጣል፤ ጽሕፈቴን እየው።

ሲነጋጋ ዓይኔን ጨፍኜ አይሃለሁ። ያምሮት አጠገብህ ናት። ዝናብ ነው። አገርህን ልታሳያት ጓጉተሃል፤ ምናልባትም ስመኘውን እንዴት እንዳሸነፍከው እየተረክላት ነው። ሴትዮዋ «ወደ ግራ ታጠፍ» ትላለች፤ ትታጠፋለህ። ሽቅቡ ላይ ነዳጅ ትረግጣለህ። እዚህ ላይ እነሣና መብራት አበራለሁ፤ ከዚህ በላይ ማሰብ አልችልም።

ለአባባ ልነግራቸው ነበር። መሐላዬ አይደለም ያገደኝ። ብነግራቸው በዚያ ደካማ ጉልበታቸው ከወንዙ ማዶ ሄደው ዝናብ ላይ እንደሚያድሩ ስለማውቅ ነው። ስመኘው በቆሎ ሊያመጣ መራዊ ሄዷል፤ ለበዓሉ ይድረስ አይድረስ የምጠይቅበት ስልክ የለም። የሱንም መንገድ እፈራለሁ። በዚህ ክረምት የማልፈራለት ሰው የለኝም።

ስለዚህ የወሰንኩትን ስማ። ክንዱ ደብዳቤውን ቢያደርስልህም ባያደርስልህም፣ የዋዜማው ዕለት ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ጅጋ እወርዳለሁ። ባሕር ዛፎቹ ጋ፣ መታጠፊያው ላይ እቆማለሁ። ፋሲካ ያመጣህልኝን ቀይ ጃንጥላ እይዛለሁ፤ ያኔ «ይቺ ለሙሽራ እንጂ ለአስተማሪ አትሆንም» ብዬ ስቄብሃለሁ። አሁን ቅላቷን ወድጄዋለሁ። መንገደኛው እብድ ቢለኝ ይበለኝ፤ እማሆይንም ሳይሏቸው አልቀሩም።

አንድ ነገር ላስታውስህ። ድልድዩ ገና ሳይሠራ፣ እናታችን በሞተች በዓመቱ፣ ንዳድ ይዞህ ጅጋ ጤና ጣቢያ ልወስድህ በዚያው ወንዝ አዝዬ አሻግሬሃለሁ። አንተ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርክ። ውኃው ወገቤ ላይ ሲደርስ ማልቀስ ጀመርክ። «ውኃውን አትይ፤ ማተቤን እይ» አልኩህ። አንተ ማየት አልበቃህም፤ ክሩን በጥርስህ ነክሰህ ያዝከው፣ እስክንሻገርም አለቀቅህም። እኔም ከአንተ እኩል እየፈራሁ እንደነበር ነግሬህ አላውቅም። ከፍርሃቴ ጋር ነው ያሻገርኩህ፤ አሁንም የምቆመው ከፍርሃቴ ጋር ነው።

ያምሮትን ሳምልኝ። ከእህትህ ጋር የምትተዋወቀው አስፋልት ዳር፣ በበሰበሰ ቀሚስ ስለሆነ እንዳትደነግጥ አስቀድመህ ንገራት። ደብዳቤው ካልደረሰህ ግን አንተም ትደነግጣለህ፤ ምንም አይደለም፣ ደንግጠህ ቁም።

መኪናዋ «ወደ ግራ ታጠፍ» ስትልህ ስክሪኑን አትይ። ቀና በል። እኔን እይ።

መጥተህ እስካይህ ድረስ ከዚያ የማልነቃነቀው እህትህ፣
ባንቺአየሁ