ዊንቹ ውስጥ የገባችው ዶሮ

ሮን ተራሮች፣ ማርች 9 ቀን 1987

ለተከበርሽው የበግ ሸላች፣ ለልጅ ልጄ ለቪብከ፤

ይህንን ቆመሽ አንብቢ። በዛሬው ዕለት የጎረቤታችን ዶሮ በበረራ ክለባችን ዊንች ወንበር ላይ አንድ እንቁላል መጣሏን በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። እናትየውም እንቁላሉም ደህና ናቸው።

የኒውዚላንድ በጎችሽ ዊንች ምንድን ነው ካሉሽ፣ ሞተር የሌላቸውን አውሮፕላኖቻችንን በረጅም የብረት ገመድ ስቦ ሰማይ ላይ የሚያወጣ፣ እንደኔ የሚያስል አሮጌ ማሽን ነው በያቸው።

እኛ አለን። በረዶው ቀልጧል። አያትሽ ድንች ትልጣለች፣ እኔ እበላለሁ። አጎትሽ ዳንክማር መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። ቀኝ ዓይኑ የነበረበት ቦታ ድኗል። አያመኝም ይላል። ሌላ ብዙም አይናገርም።

በደብዳቤሽ ስለ እሱ አንድም ቃል አልጠየቅሽም። አልቆጣሽም። ግን ያን ቀን አንቺ ሰማይ ላይ ነበርሽና ታች የሆነውን አላየሽም። ገመዱ ሲበጠስ ሁላችንም ያንጋጠጥነው ወደ አንቺ ነው። የአውሮፕላኗን አፍንጫ ዝቅ አደረግሽ፣ ዞርሽ፣ ኮሽ ሳይል አረፍሽ። አጨበጨብን። ሊቀመንበራችን ኦቲልየ ባርኔጣዋን ወረወረች። የተበጠሰው ጫፍ ወዴት ተመልሶ እንደሄደ የጠየቀ አልነበረም። ጭብጨባው ሲያበቃ ነው ዊንቹን ይነዳ የነበረው ዳንክማር አለመምጣቱን ያስተዋልነው።

ከዊንቹ ወንበር ፊት የነበረውን መከላከያ መረብ በዚያ ጠዋት የፈታው ራሱ ዳንክማር ነው። «በዚህ ወንፊት ውስጥ አውሮፕላን ይታያል እንዴ?» ይል ነበር። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ይህን ደግሜ አልጽፈውም፤ ቀለም ውድ ነው።

አሁን አዲስ መረብ ሠርቻለሁ። ወፍራም ብረት ነው፣ ከኋላው የማይሰበር ፕላስቲክ አለው። ማንም እንዳይፈታው ብሎን አላደረግኩለትም፤ በየድኩት። ኦቲልየ መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ጋሼ ሂንሪክ፣ ይሄ እኮ የዶሮ ቤት ነው!»

«ታዲያ ዶሮ አስገቢበታ።»

«ኧረ ሰውየው ማየት አለበት!»

«የሚያይበት ዓይን ሲተርፈው ነዋ።»

ከዚያ ወዲህ አልቀለደችም። ዶሮዋ ግን ሰምታን ኖሮ ዛሬ ገባች።

ዳንክማርን ክንዱን ይዤ ወሰድኩትና አሳየሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ዊንቹ አጠገብ ደርሶ አያውቅም። መረቡን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። እንቁላሉን ሲያይ «አባዬ፣ ቦታዬን ተቀማሁ ማለት ነው» አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስንመለስ ፖስተኛው በብስክሌት አለፈን። ያኔ «ቪብከ አልጻፈችም?» አለኝ።

ስለዚህ ጻፊለት። ይቅርታ አትበዪው፤ ምን እንደሚመልስ አያውቅም። ስለ በጎቹ ጻፊለት። የትኛው እንደሚራገጥ፣ የትኛው እኔን እንደሚመስል። ፊደሉን ትልቅ ትልቅ አድርጊው።

ጣትሽን ከመቀስ፣ እግርሽን ከጭቃ ይጠብቅልኝ። አውሮፕላን ባየሽ ቁጥር ደግሞ ታች ያለውንም እይልኝ።

የሚወድሽ፣ ከአያትሽ በቀር ማንም የማይፈራው
አያትሽ ሂንሪክ

ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ የጨመርኩት፦ እንደምታውቂኝ አንድ ነገር ሳልፈጥር ደብዳቤ አልጨርስም። ዶሮዋ እውነት ናት፣ እንቁላሉንም በልቼዋለሁ። ጥያቄውም የራሱ የዳንክማር ነው፤ ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር ይጠይቀኛል። የፈጠርኩት ሳቁን ነው።