ሻይ ያሞቀው ቤት

ለክቡር ገናዲ ሳቬልዬቪች
የከተማችን የማሞቂያ አገልግሎት ኃላፊ

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ሁልጊዜ ሞቅ ያለው ቢሮዎ እንዴት ነው? እኛ የበርች ጎዳና ሕንፃ 14 ነዋሪዎች ካፖርታችንን ሳናወልቅ እንተኛለን እንጂ ደህና ነን።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ይድረስዎ። የኑክሌር ጣቢያው ኤሌክትሪክ አመንጭቶ የሚተርፈው ሙቀት ወንዝ ከሚገባ ቤታችሁን ያሙቅ ብለው ባለፈው መስከረም ሪባን ሲቆርጡ፣ ጣቢያው ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ተርባይን የጠበቅሁ ሴት ነኝና እያለቀስኩ አጨበጨብኩ። የድሮውን የከሰል ማሞቂያችንን በዚያው ሳምንት ስላፈረሱልንም እግዜር ይስጥልን። አሁን ታኅሣሥ ነው፤ የጣቢያው እንፋሎት ሲትጎለጎል በመስኮቴ ይታየኛል፣ የሳሎኔን የማሞቂያ ብረት ግን በባዶ እጅ መንካት አልችልም፣ ያቃጥላል፣ በብርድ!

ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ደንቡ አሥራ ስምንት ዲግሪ ይላል፣ ቤታችን አሥራ ሁለት ነው። ስንደውል ጸሐፊዎ «እማማ፣ ውሃው ከጣቢያው ሲወጣ እኮ ይፈላል!» ትለናለች። ሲወጣማ አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ ስንት ዓመት ሳስወጣው ኖሬ! እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ነው የምንጠይቀው።

ሁለተኛ፣ ይህኛው የራሳችን ጥፋት ነው፣ እናምናለን። ባለፈው ማክሰኞ ተቆጣጣሪዎ እንደሚመጣ ስንሰማ፣ እንግዳ እንዴት በብርድ እንቀበላለን ብለን ከጠዋት ጀምሮ ምድጃ ለኮስን፣ ጎመን የተሞላ ዳቦ፣ ፒሮጋችንን፣ ጋገርን፣ በሳሞቫር ሻይ አፈላን፣ አሥራ አንድ ጎረቤትም ሳሎኔ ውስጥ ተሰበሰበ። ጎረቤቴ ኒኪፎር «ልጁን ብርድ እንዳይመታው በሩን ዝጉ እንጂ!» እያለ ይጮህ ነበር። ተቆጣጣሪዎ ሁለት ፒሮግ በልቶ፣ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ፣ ላቡን ጠራርጎ መለኪያውን አወጣ፤ አሥራ ዘጠኝ! «ደንቡን ያሟላል» ብሎ ጽፎ፣ እጃችንን ጨብጦ ሄደ። አይ እኛ!

ሦስተኛ፣ የሰማንያ ሦስት ዓመቷ እናቴ አግላያ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ከተኛች ሦስት ሳምንቷ ነው። ሐኪሙ «ቤታችሁ ካልሞቀ አልለቃቸውም» ብሎ ይዟት ነበር። አሁን ተቆጣጣሪዎ የፈረመው ወረቀት ደረሰውና ሐሙስ ትወጣለች። ሄጄ ብለምነው «ወረቀቱ አሥራ ዘጠኝ ይላል፣ ምን ላድርግዎት?» አለኝ። ፈርቻለሁ ክቡርነትዎ። በዚህ የኡራል ብርድ አንድ ሳምንት አትቆይልኝም።

ለመለኪያና ለፒሮግ ያለዎትን ጥልቅ አክብሮት እያደነቅሁ፣ ሦስት ካልሲ በደራረበ እግሬ ቆሜ እጅ እነሳለሁ።

ታይሲያ ሎባኖቫ
ጡረተኛ የተርባይን ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ለአቤቱታ ስመጣ የቢሮዎ መጠበቂያ ክፍል ከሙቀቱ ብዛት መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት እናቴን ከሆስፒታል በቀጥታ እዚያ አመጣታለሁ፤ ታጣፊ አልጋዋን ኒኪፎር ይሸከማል። እርስዎ መስኮቱን ብቻ ይዝጉልን። ደግሞ እንግዳ መጣ ብለው ሻይ እንዳያፈሉ፣ አደራ፤ ሙቀቱን ለክተን ነው የምንገባው።