በራችን ላይ የተቆጠሩ ጫማዎች

ሰኞ

ሴትዮዋ ጫማ ቆጠረች። ልጄን ማህሌትን ቀብሬ ሳምንት እንኳ ሳይሞላኝ፣ የአፓርታማው ማናጀር ደጄ ላይ ቆማ ጫማ ቆጠረች። አሁንም አላመንኩም።

የጭስ ማንቂያውን ቼክ ላድርግ ብላ ነው የመጣችው። ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፏል። ጓደኛዬ ዘነበችና የዕድር ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ብቻዋን አትደር ብለው እዚሁ ነው የሚያድሩት። "እዚህ የሚኖረው ማነው?" አለች። ዘነበች በእንግሊዝኛዋ አትታማም፤ ቀና ብላ "ሁላችንም! እስከ አርባዋ ንቅንቅ አንልም" አለቻት።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ፍራሹንም ጫማውንም ፎቶ አንስታ ወጣች። እኛ ያዘነችልን መስሎን "እግዜር ይስጥልን" ብለን ሸኘናት።

ማክሰኞ

በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ቤቲ አነበበችልኝ። የማህሌት ጓደኛ ናት፣ እዚሁ ፈረንጅ አገር የተወለደች።

"እማማ፣ ይሄ ቬሪ ባድ ነው። ያልተመዘገበ ሰው ይኖራል ይላል። ካልወጡ አንቺ ትወጫለሽ።"

ለምን? ቤቱ የስቴቱ መንግሥት እየረዳ የተሠራ ስለሆነ ኪራዩ ዝቅ ያለ ነው። የሚኖርበት የተመዘገበና ደመወዙ የታየ ሰው ብቻ ነው። እነ ዘነበች ከኖሩ የእነሱም ደመወዝ ይታያል።

ዘነበች "ለቅሶ ደግሞ ደመወዝ አለው እንዴ? ኦቨርታይሜን ይክፈሉኛ!" አለች።

ሳቅን። ማህሌት ከሄደች ወዲህ ይህ ቤት ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። እኔ ደነገጥኩ። እንዴት ሳቅኩ?

ይህን ቤት ወረፋ ጠብቃ ያገኘችው ማህሌት ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ የሚባል ቦታ መጋዘን ውስጥ ትሠራ ነበር። ከሺፍት ስትመለስ ነው መኪና የገጫት። ቤቱን ያጣሁ እንደሆነ እሷን ሁለተኛ መቅበሬ ነው።

ረቡዕ

ሂዱ አልኳቸው። ዘነበች ተቆጣች። "አንቺን ብቻሽን ጥዬ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰውማ ምንም አይል። ማናጀሯ ናት የምትለው።"

አልሄዱም። ጫማቸውን ሰብስበው ገንዳ ውስጥ ደበቁ፣ መታጠቢያ ቤት። ፍራሹን አልጋ ስር ከተቱ። በር በተንኳኳ ቁጥር ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ለቅሶ እንደ ሌብነት ሲደበቅ ዛሬ አየሁ።

ደግሞ ወዴት እሄዳለሁ? ግሪን ቫሊ የሚሉት ሰፈር ኪራዩ አይቀመስም። ራቅ ያለችው ከተማ ቦልደር ሲቲ አንድ የማውቃት ሴት አለች፤ እዚያ ያለ መኪና አይኖርም፣ እኔን የምትነዳኝ ማህሌት ነበረች።

ሐሙስ

የስቴቱ ሰዎች ስለ ርካሽ ቤቶች ሕግ የነዋሪውን ሐሳብ ሊሰሙ ሰፈራችን አዳራሽ መጡ። ቤቲ ጎትታ ወሰደችኝ። ስለ መሬት አወሩ፣ ስለ ግንበኞች አወሩ፣ መናፈሻ ይሠራል አሉ። ቤቲ በክርኗ ነካችኝ። "እማማ፣ አንተ ተናገር!" ስትቸኩል ሁልጊዜ ወንድ ታደርገኛለች።

ተነሳሁ። በአማርኛ ተናገርኩ፣ እሷ ተረጎመች።

"ልጄ ሞታለች" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ነበር የሚለው። የፊቴን ወንበር ያዝኩ። "እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። የመጡት ሊያስተዛዝኑ እንጂ ቤት ሊወስዱ አይደለም።"

መሐል የተቀመጠው ሰውዬ መነጽሩን አወለቀ። ለቅሶ የመጣ ሰው ነዋሪ ነው የሚል ሕግ እነሱ ዘንድ እንደሌለ ተናገረ። እንግዳ ስንት ቀን ይደር የሚለው ግን የአፓርታማው ባለቤቶች የኪራይ ውሉ ላይ ያስገቡት ነው አለ። ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ ሐሳብሽን ግን መዝግበናል አለ።

ዘወር ስል ማናጀሯ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዓይኔን ሳታይ ወጣች።

ዓርብ

መጣች። ዘነበች ጫማ ለመደበቅ ስትሮጥ ሴትዮዋ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ የራሷን ጫማ አወለቀች። ለቅሶ ቤት ጫማ እንደሚወለቅ ማን እንደነገራት አላውቅም።

"መሞቷን አላወቅኩም" አለች። እውነቷን ነው። ለቢሮው የነገረ የለም። እኛ ከተማው ሁሉ የሰማ መስሎን።

ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ዘነበች ሻይ ሰጠቻት። ወረቀቱ ተነስቷል፣ እስከ አርባዋ ይሁን አለች። ቤቲ "በጽሑፍ አድርጊው" አለቻትና እዚያው ጻፈች። ከዚያ በኋላስ? ሁለት መኝታ ቤት ለአንድ ሰው ይሰጣል ወይ የሚለውን ውሉ ሲታደስ ያዩታል። የማህሌትን ስም ከውሉ የሚያወጣ ወረቀትም ይዛ ነበር። ከቦርሳዋ ግማሹን አወጣችው፣ አየችኝ፣ መልሳ ከተተችው።

ስትወጣ ጫማዋን ፈለገች። አጠገቡ የማህሌት የሥራ ጫማ አለ፣ የመጋዘኑ አቧራ እንደያዘ።

"ይሄስ የማነው?"

ዘነበች ቀደመችኝ። "የቤቱ ባለቤት።"

ሴትዮዋ ጫማውን ሳትነካ የራሷን አጥልቃ ሄደች። እስከ አርባዋ ቤት አለን። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ጫማውን ግን አላነሳውም።