ወንዙ ከእኔ ወስዶ ለወንድሜ ስላሻገረው መሬት

ለመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 11

ጉዳዩ፦ በታናሽ ወንድሜና በወንዙ ላይ ያቀረብኩትን አቤቱታ ስለማሻሻል

1. አመልካች ቤት ቀለም ቀቢ ነኝ። አባታችን መሬቱን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ሲያካፍል «ወዲህ ያንተ፣ ወዲያ የሱ፤ ወንዙ መሀል ላይ ስላለ አትጨቃጨቁም። እኔ ግን ከታላቁ ልጄ መሬት አልወጣም» ብሎ ነበር። ያኔ የሚሄደው ውሃው እንጂ ወንዙ አይመስለንም ነበር።

2. ወንዙ ጓሮዬ ላይ ሲደርስ ይታጠፋል። በየክረምቱ የእኔን ዳርቻ ይንዳል፤ በወንድሜ በኩል ደግሞ አሸዋና ደለል እየቆለለ መሬቱን ያሰፋለታል። አጥሬ ሄደ፣ ሽንት ቤቱ ሄደ፣ አሁን ተራው አባቴ የሚተኛበት ክፍል ነው። አባቴ የአልጋ ቁራኛ ከሆነ ቆይቷል። ውሃው ከግድግዳው ሥር ሲያጉረመርም «መጣ እንዴ?» ይለኛል። አልመጣም እለዋለሁ።

3. ባለፈው አቤቱታዬ ወንድሜ ወንዙን ወደ እኔ እየገፋብኝ ነው ብዬ ነበር። ከቢሮዎ የተላኩት የውሃ ባለሙያ በወንድሜ የጭነት መኪና መጡ። ይህን ልብ ይበሉልኝ። ጓሮዬ ላይ ቆመው ዝናቡ ተራራውን አጥቦ ወንዝ እንደሚሆን፣ ወንዙ ባሕር ገብቶ በፀሐይ እንደሚተን፣ ደመና ሆኖም ተመልሶ እንደሚዘንብ አስረዱኝ። ውሃ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ስለሚፈጥን ይቆርጣል፣ በውስጥ በኩል ስለሚዘገይ የተሸከመውን ያራግፋል አሉ። ወንድሜ ዘንድ የተከማቸውም ከላይ ካሉ ሰዎች መሬት ታጥቦ የመጣ እንጂ የእኔ አይደለም፤ የእኔ ወደ ታች ወርዷል። «ወንዙ ወንድምዎን አያውቀውም» አሉኝ። በወንድሜ መኪና የመጣ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል?

4. ስለዚህ ራሴ አጣራሁ። ከሥራ በተረፈኝ ሰማያዊ የበር ቀለም ድንጋዮች ቀብቼ ዳርቻዬ ላይ ደረደርኩ። አንዱን እንኳ በወንድሜ አሸዋ ላይ ባገኝ፣ ታቅፌው ቢሮዎ እመጣ ነበር። ጎርፉ ጠራርጎ ወሰዳቸው። አሸዋውን ስፈትሽ ዋልኩ፤ አንድም የለም። ኋላ ግን እታች ልብስ አጣቢዎቹ ዘንድ ሦስት አየሁ። ባለሙያው ልክ ናቸው። የመኪናው ነገር ግን ዛሬም አልተዋጠልኝም።

5. ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ሰማያዊ ድንጋዮቼ በአባቴ ክፍል ግርጌ ተደርድረው ተገኙ። ወንዝ ደግሞ ሽቅብ አይፈስም። በማግስቱ ማለዳ አድፍጬ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት። ወንድሜ ነው፤ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ከጆንያ ድንጋይ እያወጣ ይደረድራል። «ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ቀለሙ ያንተ መሆኑን አውቄ፣ ለጎርፍ መከላከያ የደረደርካቸው መስሎኝ ከታች ለቅሜ መለስኩልህ» አለኝ። «ግን ጋሼ፣ ይሄ አይይዘውም። እኔ ጋ ለአባባ ክፍል ሠርቻለሁ። እናሻግረው።»

መሬቴ አልበቃ ብሎት አባቴንም ሊወስድብኝ ነው አልኩ። አባቴን የማጥበው፣ የማገላብጠው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ቤቱ ከመናዱ ይልቅ ያስፈራኝ አባቴ ወደ እሱ መሄዱ ነው።

6. ሆኖም ትናንት ሌሊት ግድግዳው ተሰነጠቀ። አባቴን «እንሂድ» ብለው «ከታላቁ ልጄ መሬት አልወጣም ብያለሁ» አለኝ። እሱ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም።

ስለዚህ ክሴን ትቼ የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ ወንድሜ በሠራው ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ የሚያርፍባት መሬት፣ ወንዙ ከእኔ ወስዶ ያሻገራት ስለሆነች የእኔ ናት የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠኝ። የእኔ እንዳልሆነች እኔው በገዛ ድንጋዮቼ አረጋግጫለሁ። ወንድሜም እፈርማለሁ ብሏል፤ ለምን እንዲህ ቶሎ እንደተስማማ ባይገባኝም። ወረቀቱን ለአባቴ አነብለታለሁ። ከዚያ አዝዬ አሻግረዋለሁ፤ እሱም ከመሬቴ አልወጣም ማለት ነው።

ክረምቱ ሳይጠና መልስዎን ከሚጠባበቅ ሰው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ቀለም ቀቢው፣ የአባቱ ታላቅ ልጅ