የጋፋት የሐምሌ ዝናብ

ልጄ ዝናሽ፣ እመ ብርሃን በሰው አገር በጥላዋ ትሸፍንሽ። እኔም ላሞቹም ደኅና ነን፤ ገብሱን ግን ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን በረዶ ደብድቦ ጨረሰው።

የጋፋትን የየወሩን የዝናብ መዝገብ ለጥናትሽ እንደምትጠቀሚበት ስትጽፊልኝ ደስ ብሎኝ የዝናብ መለኪያውን ላየው ሄድሁ። ምነው እግሬን በሰበረው! ከአባትሽ ሞት በኋላ ሥራውን የተረከበው ባዩ ክዳኑን ሲከፍትልኝ፣ ውስጡ የሞተች አይጥ በስብሳለች።

«ታዲያ በምን ትለካለህ?» አልሁት።

«እትዬ፣ የአምናውን ትንሽ ከፍ ዝቅ አድርጌ እሞላዋለሁ። ማን ያየዋል?» ብሎ ሳቀ።

መዝገቡን ባየው፣ ገብሳችን ባለቀበት ቀን «ዝናብ የለም» ብሎ ጽፏል! ከአይጧ ይልቅ ሳቁ ቀፈፈኝ። አባትሽ እኮ ወባ እያንቀጠቀጠው እንኳ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይለካ ነበር።

መለኪያውን በአመድ ፈትጌ አጠብሁት። ከነሐሴ አንድ ጀምሮ አባትሽ እንዳሳየኝ እኔው እለካለሁ፤ ቁጥሩ በዚህ ወረቀት ጀርባ አለልሽ። አሥራ አንደኛው ቀን ባዶ ነው፤ ለቅሶ አንበሳሜ ሄጄ አልለካሁም።

የአባትሽን ንጹሕ እጅ ላንቺም ይስጥሽ። አደራሽን ልጄ፣ ያቺን ባዶ ቀን እንዳትሞያት።

እናትሽ ትርንጎ