ሃያ አንደኛው ጽሑፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ጠዋት 4፡20

መብራት መጣ፣ ኔትወርክ ሄደ። ወልቂጤ ሁለቱን አንድ ላይ ከሰጠችኝ ሰነበተች። ሥራው ግን ይጠብቃል፦ በነጻ እንዲነበቡ የተለቀቁ ሃያ የጥናት ጽሑፎች፣ አራት የፍለጋ ድረ ገጾች። የትኛው አግኝቶ ሙሉውን ይከፍታል? የምሠራበት የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ለተማሪ የሚመክረው አንዱን ነው። አለቃዬ ሪፖርቱን ለዓርብ 19 ይፈልጋል።

ዝርዝሩ ላይ ሃያ አንደኛ ጨመርኩ። ለማንም አልነገርኩም። እህቴ ያለችበት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ላንተ ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ። ምሕረት ሦስት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ሰባት። ቡታጅራ። ከቀብሯ በኋላ ጋሽ ከድር መጠይቅ ይዞ መጣ። ያኔ ለጥናት ቤት ለቤት እየዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ እያለ ይመዘግብ ነበር። ትኩሳት ነበራት? ስንት ቀን? እማ ሁሉንም መለሰች። ነገ ይሻላታል ብላ ጤና ጣቢያ ሳትወስዳት አንድ ቀን መቆየቷን ጭምር። ጻፈ። ውጤቱ ሲወጣ ይነገርሻል አላት።

እስከ ዛሬ ትጠብቃለች። ልጄን የገደላት ያ አንድ ቀን ነው ወይ? ሌላ ጥያቄ የላትም። ጋሽ ከድርን ባገኘችው ቁጥር ትይዘዋለች። ወላሂ እኔ ወረቀቱን ብቻ ነው የሞላሁት ይላታል። ባለፈው ወር አዘነላትና የጥናቱን ርዕስ ከአሮጌ ደብተሩ ፈልጎ ሰጠኝ። ለሁሉም ክፍት ነው ሲባል ሰምቻለሁ አለ። እኔም ሮጬ ለእማ ነገርኳት። ምላሴን በቆረጠው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አንደኛው ድረ ገጽ፦ ጭራሽ አያውቀውም። ሁለተኛው፦ ርዕሱን አሳይቶ በዶላር ክፈይ። ሦስተኛው፦ የተከፈተ ቁልፍ ምልክት፣ ነጻ ነው ማለት! ልቤ ዘለለ። ስጫነው ባዶ ገጽ። አራተኛው ላይ ሳልደርስ ኔትወርኩ ሄደ።

ከሌሎቹ ሃያ ብዙዎቹ ተከፍተዋል። ባሕር ማዶ ስላለ የአሳማ ጥርስ የተጻፈው ሳይቀር። ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ።

እማ ደወለች። ነጻ ከሆነ ማን ዘጋው? አለችኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ጉድ ነው። እማ ነገሩን ለቤት ኅብረቷ የጸሎት ርዕስ አድርጋ ሰጥታዋለች። ስምንት ሴቶች ቡታጅራ ላይ ተንበርክከው የኔ ኮምፒውተር እንዲከፈት ይጸልያሉ። አፈርኩ። ደስም አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ተከፈተ። በአራተኛው። ከፍለጋው ውጤት ግርጌ፣ አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ ማከማቻ ውስጥ። ሙሉው፣ በነጻ፣ ስድስት ገጽ።

ምሕረት የለችም። ስም የለም፣ ሁሉም ቁጥር ነው። በሳንባ ምች ከሞቱት ናት? ወይስ ምክንያቱ ካልታወቀላቸው? አይለይም። ሦስቴ አነበብኩ፤ አይለይም።

የእማ ቀን ግን አለች። ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ ማጠቃለያው ውስጥ፦ እናቶች የታመመ ልጅ ይዘው ለመምጣት መዘግየታቸው ለሞት አስተዋጽኦ አድርጓል። የትኛዋ እናት እንደሆነች አይልም። እማ የትኛዋ እንደሆነች ታውቃለች። ያን ቀን የጣለውን ዝናብ፣ አባቴ አለመኖሩን፣ እኔንና ጡት የሚጠባውን ወንድሜን የሚይዝላት መጥፋቱን መጠይቁ አልጠየቀም። በእጄም ምንም ማስረጃ የለም። ይህ ቀርቷል ብዬ ልጻፍ ብል ለማን?

ምነው ተዘግቶ በቀረ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ሪፖርቱን አስገባሁ። አራተኛውን መከርኩ። ሃያ አንደኛውን ከሠንጠረዡ አወጣሁት። አለቃዬ ጎበዝ አለኝ።

ለእማ ደወልኩ። አልተገኘም አልኳት። እሷም፦ «አይዞሽ ልጄ። እኛም ጸሎቱን አናቆምም፣ አንቺም ፍለጋውን አታቁሚ።»

እሺ አልኩ። እሺ!

ከቀኑ 11፡00። አልቻልኩም። ስምንት ሴቶች አስቀድሞ ስለተመለሰ ጸሎት ሲጸልዩ እያወቅኩ ዝም ልል ነው? ነገ በመጀመሪያው መኪና ቡታጅራ እሄዳለሁ። አትሜዋለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛውን በአማርኛ እያደረግኩ የማነብላት እኔው ነኝ። ስድስተኛውን ገጽ አወጣሁት። መልሼ ከተትኩት። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስና ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ምን ብዬ አነብላታለሁ?